የጦር ሰፈር ነጋዴና የናስ ገንዘቡ

ገንዘብ ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው የመንግሥት ማኅተም ያለበት ብርና ሳንቲም ነው። ነገር ግን ነጋዴ በገዛ ስሙ ገንዘብ ያሠራበት፤ ወታደርም ያንኑ ተቀብሎ የተገበያየበት ጊዜ ነበር። ይህም የሆነው ከ1861 እስከ 1865 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ነው።

በ1861 መጨረሻ የሰሜን ባንኮች የወረቀት ገንዘብን በወርቅ መለወጥ አቆሙ። ሕዝቡም ስለ ፈራ የብር ሳንቲሙን በየቤቱ ደበቀው። በ1862 አጋማሽ ዝርዝር ገንዘብ ከገበያ ፈጽሞ ጠፋ። መንግሥት በሐምሌ ወር የፖስታ ቴምብር እንደ ገንዘብ እንዲያገለግል ቢፈቅድም፤ ቴምብሩ በወታደር ኪስ ውስጥ በላብና በዝናብ እየተጣበቀ አስቸገረ።

በዚያን ጊዜ ለእያንዳንዱ ሬጂመንት ሳትለር የሚባል የተፈቀደለት ነጋዴ ነበረው። እርሱም ትምባሆ፤ አይብ፤ የደብዳቤ ወረቀት፤ መርፌና ክር ይሸጥ ነበር። የተራ ወታደር ደመወዝ እስከ 1864 ድረስ በወር 13 ዶላር ሲሆን፤ በየሁለት ወሩ መከፈል ሲገባው ብዙ ጊዜ ይዘገይ ነበር። ስለዚህ ሳትለሩ በዱቤ እየመዘገበ ከናስ፤ ከመዳብ ወይም ከካርቶን የተሠራ ፊሽ ይሰጠው ጀመር። በፊሹ ላይ የነጋዴው ስም፤ የሬጂመንቱ ቍጥርና የ5፤ የ10፤ የ25 ወይም የ50 ሳንቲም ዋጋ ተጽፎበታል። ባለ 25ቱን ሰጥቶ የ10 ሳንቲም ትምባሆ የገዛ ወታደር መልሱንም በፊሽ ይቀበላል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፊሹ የሚያገለግለው ካወጣው ነጋዴ ሱቅ ብቻ ነበር። ነጋዴው ዋጋ ቢጨምር ወታደሩ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ አይችልም፤ ነጋዴው ትቶት ቢሄድ ደግሞ በእጁ የሚቀረው ቍራጭ ናስ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው ወታደሩ እያማረረ ተቀበለው።

ሆኖም ለነጋዴውም መፍረድ ይገባል። ጋሪዎቹን ጠላት ይማርክበታል፤ ተበዳሪው በጦር ሜዳ ይሞትበታል። በመጋቢት 1862 የወጣው ሕግ ሁለቱንም ለመጠበቅ ሞከረ። የዕቃውን ዋጋ መኰንኖች እንዲወስኑ አዘዘ፤ ነጋዴውም ለዕዳው ከወር ደመወዝ ከስድስት አንዱን እጅ ብቻ እንዲይዝ ፈቀደ። ይህም ከ13ቱ ዶላር ሁለት ዶላር ያህል ነው። ነገር ግን ስለ ዋጋ ውድነት የሚሰማው አቤቱታ አልቆመም።

በመጨረሻም በሰኔ 1864 የወጣ ሕግ የግል ሰው ከብረታ ብረት ገንዘብ እንዳይሠራ ከለከለ። በ1866ም በሳትለሮች ሥራ ላይ የማቆሚያ ሕግ ወጣ። ፊሾቹ ዛሬ የሚገኙት በቤተ መዘክርና በሰብሳቢዎች እጅ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ገንዘብን ገንዘብ የሚያደርገው የተሠራበት ማዕድን ብቻ አለመሆኑን ነው። ማን እንደ ሰጠው፤ ማን እንደሚቀበለውና ቃሉ ቢፈርስ ለማን አቤት እንደሚባል ማወቅ ይገባል። ወታደሩ በላቡ ያገኘውን ደመወዝ በፈለገበት ገበያ ሊያወጣው ካልቻለ፤ ደመወዙ ሙሉ ነው ሊባል አይችልም።