በትእዛዝ መስመር የሚዘጋጁ የተግባር ትምህርቶች፦ የስዊርል እና የስዊርሊፋይ አጠቃቀም

ስዊርል «አር» በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ውስጥ የሚሠራ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ተማሪው በትእዛዝ መስመር ላይ ራሱ እየጻፈና ምላሹን ወዲያው እያየ የሚማርበት ነው። ስዊርሊፋይ ደግሞ መምህራንና አሠልጣኞች ለስዊርል የሚሆኑ ትምህርቶችን የሚያዘጋጁበት ተጓዳኝ መሣሪያ ነው። ሥራው የተጀመረው በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የባዮስታቲስቲክስ ክፍል ሲሆን፣ ሁለቱም ሶፍትዌሮች ሆኑ አር ራሱ ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

በአገር አቀፍ ደረጃ የዲጂታል ክህሎትን ለማስፋት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ፣ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር በፕሮግራሚንግ፣ በዳታ ሳይንስና በአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ ዘርፎች ነፃ ሥልጠና ያቀርባል። ሥልጠናው የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው። በጎንደር ከተማ ለሚኖር ሠልጣኝ ይህ ብዙ ላያስቸግር ይችላል። በዳባት፣ በደባርቅና ከዚያም ባሻገር ባሉ የደጋ ወረዳዎች ግን ኔትወርክ ወይም መብራት በተቋረጠ ቁጥር ትምህርቱ ይቆማል። ስዊርል አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ፣ በዳታ ሳይንስ ዘርፍ ለሚማሩ ሰዎች ጠቃሚ መለማመጃ ነው። የኢኒሼቲቩን ሥልጠና ግን አይተካም።

ተማሪው አርን ከከፈተ በኋላ ስዊርልን ሲያስጀምር በቅድሚያ ስሙን ይጠየቃል። የደረሰበት ቦታ በዚህ ስም ስለሚቀመጥ፣ በሌላ ቀን ያንኑ ስም ካስገባ ካቆመበት ይቀጥላል። አንድ ኮምፒውተር በተራ የሚጠቀሙ ተማሪዎች የየራሳቸውን ስም ሳይለዋውጡ ማስገባት ያለባቸው ለዚህ ነው። ከዚያ አጭር ማብራሪያ ይነበባል፤ ጥያቄ ይቀርባል፤ ተማሪው ትእዛዙን ይጽፋል። ከተሳሳተ ፍንጭ ተሰጥቶት እንደገና ይሞክራል። «ፕሌይ» የሚለው ትእዛዝ ትምህርቱን ለጊዜው ገታ አድርጎ በራስ ፈቃድ ለመሞከር ያስችላል፤ «ኔክስት» ወደ ትምህርቱ ይመልሳል፤ «ስኪፕ» ጥያቄውን ያልፋል፤ «ባይ» የተሠራውን አስቀምጦ ያስወጣል። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ሲሆን፣ እዚህ የቀረቡት በአነባበባቸው ነው። አር ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ለይቶ የሚያይ በመሆኑ ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ትምህርት አዘጋጅ ከዚህ የበለጠ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ስዊርሊፋይ የትምህርቱንና የኮርሱን ስም ተቀብሎ አስፈላጊዎቹን ፋይሎች የያዘ ፎልደር ያዘጋጃል። ከነዚህ ውስጥ ዋናው «ያምል» በተባለ ቀላል የአጻጻፍ ሥርዓት የሚሞላው የትምህርቱ ፋይል ነው። እያንዳንዱ ክፍል ዓይነቱ ይጠቀሳል፦ ማብራሪያ፣ የምርጫ ጥያቄ ወይም ትእዛዝ የሚያስጽፍ ጥያቄ። ለምሳሌ በደባርቅ ገበያ የገብስ ዋጋን በአምስት ተከታታይ ሳምንታት መዝግቦ አማካዩን የሚያሰላ ትምህርት ቢታሰብ፣ አዘጋጁ መጀመሪያ አማካይ ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይገልጻል፤ ቀጥሎ ተማሪው ዋጋዎቹን እንዲያስገባ ያዛል፤ በመጨረሻ የሚጠበቀውን ትእዛዝ፣ የማረሚያውን መመዘኛና ፍንጩን ይጽፋል። በያምል ፋይል ውስጥ የመስመር መነሻ ክፍተት ትርጉም አለው። አንድ ክፍተት ቢጎድል ትምህርቱ ላይከፈት ይችላል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ማረሚያው ነው። አማካይን በተዘጋጀው ትእዛዝ ማስላት ይቻላል፤ ደምሮ ለአምስት በማካፈልም ይቻላል። መመዘኛው አንዱን አጻጻፍ ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ በሌላው መንገድ ትክክለኛ መልስ ያገኘ ተማሪ «ተሳስተሃል» ይባላል። አጠገቡ የሚጠይቀው መምህር ለሌለው ተማሪ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ትምህርቱን ትቶ እስከመሄድ ያደርሰዋል። ስለዚህ አዘጋጁ ሊኖሩ የሚችሉ ትክክለኛ መልሶችን ቀድሞ ማሰብና ትምህርቱን ለማያውቅ ሰው ሰጥቶ ማስሞከር ይኖርበታል።

የስዊርል የራሱ ምናሌ በአማርኛ ባይቀርብም፣ ማብራሪያውን፣ ጥያቄውንና ፍንጩን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ፋይሉ «ዩቲኤፍ 8» በተባለው የፊደል አቀማመጥ መቀመጥ አለበት። በዊንዶውስ ላይ አር ይህን አቀማመጥ እንደ ዋና መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 4.2 እትም ወዲህ በመሆኑ፣ በአሮጌ እትም የግዕዝ ፊደል ተበላሽቶ ሊታይ ይችላል። በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ከታየ ደግሞ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል የሌለው መሆኑ ነው።

የተጠናቀቀ ኮርስ «ፓክ ኮርስ» በሚለው ትእዛዝ በአንድ ፋይል ይጠቀለላል። ይህ ፋይል በፍላሽ ተይዞ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ደባርቅ ሊሄድና እዚያ «ኢንስቶል ኮርስ» በሚለው ትእዛዝ ሊጫን ይችላል። አርንና ስዊርልንም በዚሁ መንገድ ማድረስ ይቻላል፤ ሆኖም ስዊርል የሚደገፍባቸው ሌሎች ጥቅሎች አብረው መቀዳት አለባቸው፤ የሁለቱ ኮምፒውተሮች ሥርዓተ ክወናና የአር እትምም መመሳሰል ይገባዋል። ትምህርቱ በእጅ የሚገኝ ፋይል መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። ካታኮዳ የተባለው በድረ ገጽ ላይ የተግባር ልምምድ ይሰጥ የነበረ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2022 ለሕዝብ ሲዘጋ፣ በእርሱ ላይ ኮርስ የገነቡ አዘጋጆች ሌላ ማረፊያ መፈለግ ነበረባቸው።

እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ሁኔታ የሚከታተል የምርምር ማዕከል አለው። በአካባቢው የጤና መረጃ የሚተነትን ባለሙያ ፍላጎት መኖሩን ለመረዳት ይህ ብቻ ይበቃል። ሆኖም ለትምህርት ምሳሌ ተብሎ የታካሚዎችን ወይም የነዋሪዎችን እውነተኛ መረጃ በኮርስ ፋይል ውስጥ ማስገባት አይገባም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን አሰባሰብና አጠቃቀም ይገዛል፤ የጤና መረጃም ልዩ ጥበቃ የሚደረግለት ነው። ለልምምድ የተፈጠሩ ቁጥሮች ይበቃሉ።

ስዊርልን ለማውረድም ሆነ ለመጠቀም የሚጠየቅ ክፍያ የለም። በስዊርል የተጠናቀቀ ልምምድ በራሱ የምስክር ወረቀት አያስገኝም፤ የምስክር ወረቀት የሚፈልጉ ዜጎች በኮደሮች ኢኒሼቲቭ ተመዝግበው የመረጡትን ሥልጠና ማጠናቀቅ ይኖርባቸዋል።