ጠጥቶ ያጠፋ ልጅ፦ ከሽማግሌ ሸንጎ እስከ ወንጀል ሕግ

በአንበሳሜ፣ በወረታና በፎገራ ሜዳ፣ እንደ ሌላው የአማራ ገጠር ሁሉ፣ ጠጥቶ ያጠፋ ወጣት ጉዳይ ቀድሞ የሚታየው በቤተሰብና በሽማግሌ ዘንድ ነበር። ጥፋቱ የልጁ ብቻ ተደርጎ አይቆጠርም። ሰው ቢፈነክት ካሳውን የሚያዋጣው ዘመድ ነው፤ ዋስ የሚቆምለትም አጎት ወይም ጎረቤት ነው። ጥፋተኛው ካልታወቀ ደግሞ የአካባቢው ሰው በአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር፤ እስኪገኝም አይበተንም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሁለቱንም ወገን ይሰማሉ። ያጠፋው ልጅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ያጎነብሳል፤ ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲል ድንጋዩ ይወርድለታል። የመጠጡን ጉዳይ የሚይዘው የነፍስ አባት ነው፦ መክሮ ይገዝተዋል፣ ቤተሰቡም ጠበል ይወስደዋል። ጠላ በየቤቱ በሚጠመቅበት አገር ግን ግዝቱ የሚጸናው ቤተሰቡ አብሮ ሲጠብቀው ነው። የሥርዓቱ ድካምም እዚህ ላይ ነበር፤ እርቁ ሁለት ቤተሰብ ያስታርቃል እንጂ ሱስ አያክምም።

በመንግሥት ሕግ በኩል ደግሞ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለን ልጅ ከተጠያቂነት ነፃ አደረገ። ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለው ደግሞ ከቅጣት ይልቅ የማረሚያ እርምጃዎችን አስቀደመ፤ በመጠጥ ሱስ የተያዘውን ወደ ሕክምና ተቋም መላክም አንዱ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነገሩ በዝግ እንዲታይ፣ ወላጅ ወይም አሳዳሪ እንዲጠራ፣ ቀጠሮ ሲሰጥም ልጁ ለወላጅ ወይም ለዘመድ፣ እነሱ ከሌሉ ለታመነ ሰው እንዲሰጥ አዘዘ። ነባሩ ዋስነት በዚህ መንገድ የሕግ መልክ ያዘ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ሕክምናውን በአንቀጽ 158፣ በዘመድ ወይም በታመነ ሰው ቁጥጥር ሥር ማስተማርን በአንቀጽ 159 አጸናው።

ሕጉ የተመካበት ተቋም ግን ሳይስፋፋ ቀረ። ለረጅም ዘመን የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ የነበረው አዲስ አበባ ብቻ ነው፤ በክፍላተ ሀገር ያለ ልጅ ከአዋቂዎች ጋር ይታሰር ነበር። በኋላ በአዲስ አበባ በፖሊስ ጣቢያዎች የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች ተቋቋሙ። ቀላል ጥፋት የሠሩ ልጆችም ወላጆችና በጎ ፈቃደኞች እየተከታተሏቸው፣ ከቤታቸው ሳይወጡ እንዲታረሙ የሚያደርጉ የማኅበረሰብ ማዕከሎች ተከፈቱ።

ችግሩም መልኩን ለውጧል። ወረታ የጎንደር፣ የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር መንገዶች መገናኛ ናት፤ የሩዝ እርሻውም ወጣቱን የቀን ደመወዝ አስለምዶታል። ገንዘብ የያዘ ወጣት ጠላ ብቻ ሳይሆን አረቄና ጫትም በቀላሉ ያገኛል። የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥንም እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። ክልከላው በየመንደሩ የሚፈጸመው ግን ሻጩን የሚያውቅ ጎረቤትና ልጁን የሚከታተል ቤተሰብ ሲኖር ነው። ሽማግሌው ያስታርቃል፣ ሐኪሙ ሱሱን ያክማል፣ ዳኛው ልጁን ለታመነ ሰው ይሰጣል፤ ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ልጁ ወደ መጠጡ ይመለሳል።