ከሉህ ቆጠራ እስከ ካርቶን ልኬት፦ የፖስታ ዋጋ ስሌት ታሪክ

አነስተኛ ዕቃ በኢንተርኔት የሚሸጥ ነጋዴ ትርፉ ብዙውን ጊዜ በዕቃው ዋጋና በመላኪያው ወጪ መካከል ካለው ጠባብ ልዩነት የሚገኝ ስለሆነ፣ የፖስታ ክፍያን አስቀድሞ በትክክል ማስላት የንግዱ መሠረት ነው። ይህ ስሌት የሚቻለው ግን ዋጋው በሰሌዳ ተጽፎ ለላኪው አስቀድሞ ሲታወቅ ብቻ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ሥርዓት ለተራው ሰው ከተዳረሰ ገና ሁለት መቶ ዓመት አልሞላውም። የፖስታ ዋጋ ታሪክ ሲመረመር፣ ክፍያውን በየዘመኑ የወሰነው በአብዛኛው የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ በመስኮቱ ላይ ቆሞ በፍጥነት ሊለካው የቻለው ነገር መሆኑ ይታያል። የሚለካው ነገር በተለወጠ ቁጥርም የላኪዎች ልማድ አብሮ ተለውጧል።

በብሪታንያ እስከ 1839 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የደብዳቤ ክፍያ የሚሰላው በተጓዘው ርቀትና በወረቀቱ ሉህ ብዛት ነበር። ከለንደን ወደ ኤድንብራ ለሚሄድ ባለ አንድ ሉህ ደብዳቤ 1 ሺሊንግ ከ1½ ፔኒ ይከፈል ነበር፤ ሺሊንግ 12 ፔኒ ስለሆነ ጠቅላላው 13½ ፔኒ ይሆናል ማለት ነው። ሁለት ሉህ ከሆነ ክፍያው እጥፍ ስለሚሆንና ደብዳቤውን የሚሸፍነው ኤንቨሎፕም እንደ ተጨማሪ ሉህ ስለሚቆጠር፣ ሰዎች ወረቀቱን ራሱን አጥፈው ያሽጉት፣ ቦታ ለመቆጠብም በተጻፈው መስመር ላይ አግድም ደግመው ይጽፉበት ነበር። ሠራተኛው እያንዳንዱን ደብዳቤ ወደ መብራት አስጠግቶ ስንት ሉህ እንደያዘ መመርመር ነበረበት። ክፍያውን በአብዛኛው የሚፈጽመው ተቀባዩ ስለነበር ደግሞ፣ ደብዳቤ አዳዩ በየደጃፉ ቆሞ ገንዘብ መሰብሰብ ይጠበቅበት ነበር፤ ተቀባዩ አልከፍልም ካለ መንግሥት ለከንቱ አጓጉዟል።

ይህን አሠራር በአኃዝ የመረመረው ሮውላንድ ሂል ሲሆን፣ በ1837 ባሳተመው የፖስታ ቤት ማሻሻያ ጽሑፉ አንድን ደብዳቤ ከለንደን ወደ ኤድንብራ ለማጓጓዝ ብቻ የሚወጣው ወጪ የአንድ ፔኒ 1/36ኛ እንደሆነ አሳየ። ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት ድምዳሜ ለዘመኑ እንግዳ ነበር፦ ርቀት የወጪው ዋና ምክንያት ካልሆነ ርቀትን መሠረት ያደረገ ዋጋ ፍትሐዊ ሊሆን አይችልም፤ ገንዘቡን የሚበላው ሉሁን መቁጠሩ፣ ክፍያውን መመዝገቡና ከየተቀባዩ መሰብሰቡ ነው። ስለዚህ ዋጋው በአገሪቱ ሁሉ አንድ እንዲሆን፣ በክብደት እንዲወሰንና ላኪው ቀድሞ እንዲከፍል ሐሳብ አቀረበ። ከጥር 10 ቀን 1840 ጀምሮ እስከ ግማሽ አውንስ (14 ግራም ገደማ) የሚመዝን ደብዳቤ በአንድ ፔኒ መላክ ጀመረ፤ ቀድሞ ያልተከፈለበት ግን እጥፍ ይጠየቅበት ነበር። በግንቦት 6 ቀን ደግሞ ክፍያው መፈጸሙን የምትመሰክረው የመጀመሪያዋ ተለጣፊ ቴምብር ሥራ ላይ ዋለች።

በ1839 ወደ 76 ሚሊዮን የነበረው የደብዳቤ ብዛት በሚቀጥለው ዓመት ወደ 169 ሚሊዮን ከፍ አለ። የተጣራው የመንግሥት ገቢ በአንጻሩ ክፉኛ ወደቀ፤ ወደ ቀድሞው መጠኑ ለመመለስም ከ20 ዓመት በላይ ወሰደበት። ይሁን እንጂ ለንግድ ታሪክ ከዋጋው ቅናሽ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው የስሌቱ ቦታ መለወጡ ነው። ከዚያ በፊት ዋጋውን የሚያውቀው ሠራተኛው ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በጠረጴዛው ላይ ትንሽ ሚዛን ያስቀመጠ ማንኛውም ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የሚከፍለውን ያውቅ ጀመር። የደብዳቤ ሚዛን በየጽሕፈት ቤቱና በየቤቱ የተለመደ ዕቃ የሆነው ከዚህ ማሻሻያ በኋላ ነው።

በአገር ውስጥ የተገኘው ቀላልነት ድንበር ሲሻገር ይፈርስ ነበር፤ ደብዳቤው የሚያልፍበት እያንዳንዱ አገር የየራሱን ድርሻ በየራሱ ገንዘብና መለኪያ ይጨምርበት ስለነበር። በጥቅምት 9 ቀን 1874 በበርን 22 አገሮች የፈረሙት ውል አባል አገሮችን እንደ አንድ የፖስታ ግዛት ቆጠረ፤ ላኪው አገርም የቴምብሩን ገቢ ለራሱ እንዲያስቀር ደነገገ። በዚህ ውል የተመሠረተው ማኅበር በ1878 የዓለም ፖስታ ኅብረት የሚለውን ስም ያዘ።

ከውሉ ውጭ መሆን ምን ያህል ያስከፍል እንደነበር የኢትዮጵያ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ካዘዙ በኋላ፣ ከሩብ እስከ 16 ግርሽ ዋጋ ያላቸው ሰባት ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ። አገሪቱ ገና የኅብረቱ አባል ስላልነበረች ግን እነዚህ ቴምብሮች ከወሰን ውጭ ዋጋ አልነበራቸውም፤ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ ከኢትዮጵያው ቴምብር ሌላ የፈረንሳይን ፖስታ ቴምብር መለጠፍ ስለነበረበት ላኪው ለአንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ ይከፍል ነበር። ይህ ድርብ ክፍያ የቀረው ኢትዮጵያ በኅዳር 1 ቀን 1908 አባል ስትሆን ነው። ከሉዓላዊነት ክብር ባሻገር አባልነቱ ለነጋዴው የሂሳብ እፎይታም ነበር፤ ይህ ሁለተኛው ጥቅም በታሪክ ጽሑፎች ሊሰጠው የሚገባውን ያህል ትኩረት አላገኘም።

ከደብዳቤ ወደ ዕቃ ሲታለፍ ስሌቱ ይወሳሰባል። ብሪታንያ የጥቅል ፖስታን በነሐሴ 1 ቀን 1883 ስትጀምር እስከ 1 ፓውንድ (454 ግራም ገደማ) ለሚመዝን ጥቅል 3 ፔኒ፣ እስከ 7 ፓውንድ ለሚመዝነው 1 ሺሊንግ ቆረጠች፤ በባቡር ከሚጓዙት ጥቅሎች ገቢ 55 በመቶው ለባቡር ኩባንያዎች ይሄድ ስለነበር ግን የፖስታ ቤቱ ድርሻ ጠባብ ነበር።

አሜሪካ ከዚህ የዘገየችው የግል አጓጓዥ ድርጅቶች ተቃውሞ ስለበረታ ነው። የአገሪቱ ፖስታ እስከ 1912 መጨረሻ ከ4 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ዕቃ አይቀበልም ነበር። በጥር 1 ቀን 1913 የጥቅል ፖስታ ሲጀመር የአገሪቱ ስፋት ለአንድ ወጥ ዋጋ አይመችም ተብሎ ስምንት የዋጋ ቀጠናዎች ተዘረጉ። ቀጠና ማለት ከመነሻው ቦታ ጀምሮ በተወሰነ ርቀት ውስጥ ያለ አካባቢ ሲሆን፣ የመጀመሪያው እስከ 50 ማይል፣ ሁለተኛው እስከ 150 ማይል፣ ስምንተኛው ከ1,800 ማይል በላይ ያለውን ያጠቃልላል። ርቀቱ የሚለካው በካርታ ላይ በቀጥታ መስመር እንጂ በመንገዱ ርዝመት አልነበረም። ይህች ትንሽ ዝርዝር ያስከተለችው መዘዝ ቀላል አልሆነም።

በ1916 በዩታ ግዛት በምትገኘው ቨርናል ከተማ የባንክ ሕንፃ ሲሠራ ጡቡ የተፈለገው ከሶልት ሌክ ሲቲ ነበር። በቀጥታ መስመር ሁለቱ ከተሞች ከ150 ማይል ባነሰ ርቀት ላይ ስለሚገኙ ጥቅሉ በርካሹ ሁለተኛ ቀጠና ይሰላል፤ እውነተኛው መንገድ ግን ኮሎራዶን ዞሮ በሁለት የባቡር መስመሮችና በጋሪ የሚያልፍ ከ400 ማይል በላይ የሚረዝም ጉዞ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀጠናዎች የሚፈቀደው ከፍተኛ ክብደት በዚያን ጊዜ 50 ፓውንድ ስለነበር፣ ሠሪዎቹ ከአሥር ሺህ የሚበልጡ ጡቦችን በ50 ፓውንድ ጥቅል እየከፋፈሉ በፖስታ ላኩ፤ ይህም ከጭነት ማጓጓዣ ይልቅ ረከሰላቸው። ፖስታ ቤቱ ኪሳራው ሲገባው አንድ ላኪ ለአንድ ተቀባይ በቀን ከ200 ፓውንድ በላይ እንዳይልክ ከለከለ። የጡቡ ባለቤቶች ሕግ አልጣሱም፤ መለኪያውን ከደነገጉት ሰዎች በተሻለ አንብበውት ነበር።

የኢንተርኔት ንግድ ሲመጣ የቀጠናው ሥርዓት ሌላ ችግር ገጠመው። በ1995 በተመሠረተው ኢቤይ ላይ ዕቃውን ለጨረታ የሚያወጣ ሻጭ ገዢው የት እንደሚኖር አስቀድሞ ስለማያውቅ፣ ወይ መካከለኛ ዋጋ ገምቶ በራቀው ገዢ ይከስራል፣ ወይ ከፍተኛውን ጠይቆ የቀረበውን ገዢ ያባርራል። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት በ2004 ያቀረበው ባለ አንድ ዋጋ ካርቶን፣ ክብደቱ ከ70 ፓውንድ እስካልበለጠ ድረስ በውስጡ የገባውን ሁሉ በአገሪቱ ውስጥ ወደየትም በአንድ ክፍያ ስለሚያደርስ ይህን ግምት አስቀረ። ለእንዲህ ያለው ሻጭ የካርቶኑ ጥቅም ከርካሽነቱ ይልቅ እርግጠኝነቱ ነው።

የግል አጓጓዦች በሌላ አቅጣጫ ሄዱ። በአውሮፕላንና በመኪና ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከክብደት በፊት የሚያልቀው ቦታ ስለሆነ፣ ፌዴክስና ዩፒኤስ ከ2015 መግቢያ ጀምሮ በትልልቅ ጥቅሎች ላይ ብቻ ይሠራ የነበረውን የይዘት ክብደት በአሜሪካ የየብስ ጥቅሎቻቸው ሁሉ ላይ ተግባራዊ አደረጉ። የይዘት ክብደት የሚባለው የጥቅሉ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ተባዝተው ለአንድ ቋሚ ቁጥር ሲካፈሉ የሚገኘው ውጤት ሲሆን፣ ላኪው የሚከፍለው ከዚህና በሚዛን ከተገኘው ክብደት በሚበልጠው ነው። በዓለም አቀፍ የፈጣን መልእክት ሥራ የተለመደው አካፋይ 5,000 በሴንቲሜትር ነው። 30 በ20 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ ካርቶን 12,000 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ስለሚይዝ፣ በውስጡ ያለው ዕቃ 1 ኪሎ ብቻ ቢመዝንም ክፍያው የ2.4 ኪሎ ይሆናል፤ ከፍታው ወደ 10 ሴንቲሜትር ቢወርድ ግን የሚከፈለው ለ1.2 ኪሎ ነው። ዛሬ ጥንቃቄ ያለው ሻጭ ከሚዛኑ ጎን ሜትር የሚያስቀምጠውም በዚህ ምክንያት ነው።