በዲኤስኤልአር ካሜራ የዱር እንስሳትን ማንሳት፦ ከቤት ቡና እስከ ሳነቴ

ሰሜን ተራሮች ወይም ባሌ ደርሶ የመጣ ሰው ስልኩን ሲያሳያችሁ ብዙ ጊዜ የምታዩት ሰፊ ሣር፣ ሰማይ እና መሃል ላይ አንዲት ቡናማ ነጥብ ነው። «ጭላዳ እኮ ነው» ይላችኋል። የአብዛኛው ስልክ ሌንስ የተሠራው ቅርብ ላለ ነገር ነው፤ በጣት እየጎተታችሁ ስታጎሉት ምስሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ሰው ወደ እንስሳው ይጠጋል። እንስሳውም የሚበላውን ትቶ ይሄዳል።

ዲኤስኤልአር ከረጅም ሌንስ ጋር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ካላችሁበት ሳትነቃነቁ፣ እንስሳውንም ሳትረብሹ ታነሳላችሁ። ይሄ ለእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ የቀረውም 500 ገደማ ነው። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉት ባሌ ውስጥ ነው። ለፎቶ ብላችሁ ስትጠጉት አደኑ ይበላሽበታል።

👉 ካሜራው እንዴት ይሠራል?

በሌንሱ የገባውን ብርሃን ውስጥ ያለ መስታወት ወደ ላይ ያንጸባርቀዋል። በመመልከቻው ቀዳዳ የምታዩት ስክሪን ሳይሆን ራሱን ብርሃኑን ነው፤ ስለዚህ ምስሉ አይዘገይም፣ ባትሪም ብዙ አይበላም። ቁልፉን ስትጫኑ መስታወቱ ይነሳና ብርሃኑ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ያ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ በከፊል የመስታወቱ ነው።

ካኖን እና ኒኮን አሁን ትኩረታቸውን መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች አዙረዋል። ይሄ ለጀማሪ መልካም ዜና ነው፤ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ከአዲስ ካሜራ በብዙ ቅናሽ ይገኛል። ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተመታ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ የጀማሪ ሞዴሎች የተሠሩት ለ100,000 ገደማ ምት ነው። ሁለተኛ፣ ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ውስጡን ተመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ ተዉት።

👉 የትኛው ሌንስ?

አብሮ የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ያለው ሌንስ ለቤት፣ ለመንገድ እና ለመልክዓ ምድር ይሆናል። ለእንስሳ ግን ቢያንስ እስከ 250 ወይም 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ያስፈልጋል። ገንዘብ ከጠበበ ለካሜራው አሮጌ ሞዴል ይበቃል፤ የቀረውን ለሌንሱ አውሉት።

👉 ሦስቱ ማስተካከያዎች

1. ሹተር ስፒድ፦ ብርሃን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚገባ ይወስናል። ለሚራመድ እንስሳ 1/250 ሰከንድ፣ ለሚሮጥ 1/1000፣ ለሚበር ወፍ 1/2000 ጥሩ መነሻ ነው። ረጅም ሌንስ የእጅን መንቀጥቀጥም ያጎላል፤ በ300 ሚሊ ሜትር ከ1/500 በታች ባትወርዱ ይሻላል።

2. አፐርቸር፦ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከኋላ ያለውም ይደበዝዛል። ርካሽ ረጅም ሌንሶች ሙሉ በሙሉ ሲዘረጉ አብዛኛውን ጊዜ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈቱም፤ ቀን ላይ ይበቃል።

3. አይኤስኦ፦ ብርሃን ሲያንስ ምስሉን ያደምቃል፤ ሲበዛ ግን ምስሉ አሸዋ አሸዋ ይላል። ቢሆንም አሸዋማ ፎቶ ከተንቀጠቀጠ ፎቶ ይሻላል። አሸዋውን በስልክ አፕ መቀነስ ይቻላል፤ የተንቀጠቀጠውን ግን ማዳን ከባድ ነው።

ለጀማሪ ቀላሉ መንገድ፦ መደወያውን ካኖን ላይ «ቲቪ»፣ ኒኮን ላይ «ኤስ» ላይ አድርጉና ሹተር ስፒዱን ብቻ ምረጡ። አይኤስኦውን አውቶ ላይ ተዉት። ፎከሱን ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር በሚከታተለው ላይ አድርጉ፤ ካኖን «ኤአይ ሰርቮ»፣ ኒኮን «ኤኤፍ-ሲ» ይለዋል። የፎከስ ነጥቧን ዓይን ላይ አሳርፉ። የእንስሳው ዓይን ጥርት ካላለ ሌላው ቢያምርም ፎቶው አይሆንም።

👉 ልምምዱ ቤት ይጀመር

እነዚህን ቁልፎች ተራራ ላይ ደርሶ መፈለግ አይቻልም። እናት ቡና ሲያፈሉ መስኮቱን ከጎን አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ ፍላሽ አጥፉ። የዕጣኑ ጭስ በደንብ የሚታየው ብርሃኑ ከኋላው ሲመጣ ነው። ከጀበናው ሲኒ ላይ የሚወርደውን ቡና አንድ ጊዜ በ1/30፣ አንድ ጊዜ በ1/1000 አንሱት። በመጀመሪያው እንደ ክር ይሳባል፣ በሁለተኛው ጠብታው አየር ላይ ይቆማል። ሹተር ስፒድ ምን እንደሆነ በዚህ ይገባችኋል። መንገድ ላይ ሰው ስታነሱ ደግሞ «ላንሳዎት?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ እምቢ ካሉ በቃ።

ቀጥሎ ወደ ወፍ እለፉ። ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ትላልቆቹ አባ ኮዳዎች ሰው ስለለመዱ በአጭር ሌንስም ይነሳሉ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሰማይ ላይ የሚዞረውን ጭልፊት በ1/2000 ይከታተል። ከደማቅ ሰማይ ፊት ያለ ወፍ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ «+/-» የሚለውን ቁልፍ ወደ +1 አዙሩ። ነጭ ወፍ ጥቁር ውሃ ላይ ካለ ደግሞ ወደ -1።

👉 ተራራው ላይ

ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጭላዳዎች ሌሊቱን ገደል ላይ ያድሩና ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ቀድማችሁ ሄዳችሁ ቁጭ በሉ። ሣር እየነጩ እነሱ ራሳቸው ወደ እናንተ ሊቀርቡ ይችላሉ። ከቁመታቸው ዝቅ ብላችሁ ስታነሱ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ቆዳ በደንብ ይታያል።

የባሌ ተራሮች ፓርክም እ.ኤ.አ. በ2023 ተመዝግቧል። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ብርዱ ባትሪ ስለሚጨርስ መጠባበቂያውን የውስጥ ኪስ ውስጥ ያዙ። ቀይ ቀበሮ በቡድን ቢኖርም የሚያድነው ብዙውን ጊዜ ብቻውን፣ በቀን ነው። ፍልፈል እና አይጥ ፍለጋ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ድንገት ይቆማል፣ ከዚያ ይዘላል። ሲቆም ካሜራችሁን በተከታታይ በሚያነሳው ሁነታ ላይ አድርጋችሁ ጠብቁ።

👉 የማይደረጉ

• ምግብ አትስጡ። ሰው የሚያበላው እንስሳ መንገድ ዳር መዋል ይለምዳል፣ መኪና ይገጨዋል።
• ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። በባሌ ቀበሮዎች ላይ በተደጋጋሚ የደረሰው የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ከቤት ውሾች ነው።
• እንስሳው ቀና ብሎ ካፈጠጠባችሁ ወይም መንገዱን ከቀየረ ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ወደኋላ ተመለሱ።
• ቡችሎች ያሉበትን ጉድጓድ ብታገኙ ቦታውን ፖስት አታድርጉ። የስልክ ፎቶ ላይ ሎኬሽን አብሮ ሊሄድ ስለሚችል ቀድማችሁ አጥፉት።

👉 ወደ ስልክ ለማዛወር

ብዙዎቹ የቅርብ ጊዜ ሞዴሎች ዋይፋይ አላቸው። ለቆዩት የኦቲጂ ካርድ ሪደር ገዝታችሁ ስልኩ ላይ ትሰካላችሁ። ኤዲት ማድረግ የምትፈልጉ ከሆነ በጄፔግ ፈንታ «ሮው» ምረጡ፤ ፋይሉ ከባድ ቢሆንም የጨለመ ፎቶን በደንብ ማንሳት ይቻላል።

ካሜራ የሌለው ሰውም ይህን መጠቀም ይችላል፦ በስልክ ስታነሱ ባላችሁበት ቁሙ፣ እንስሳውን ከነሜዳው እና ከነተራራው አንሱት። ወደ ባሌ ወይም ሰሜን ተራሮች ለመሄድ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ከመነሳቱ በፊት ሼር አድርጉለት።