ቀሚሷን የያዘው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በብዙ የአሜሪካ ጋራዦችና የወንዶች ፀጉር ቤቶች ግድግዳ ላይ አንዲት ሴት ተሰቅላ ነበር። ቀሚሷ በአጥር ሽቦ ወይም በውሻዋ ማሰሪያ ተይዞ ጭኗ ይታያል። እሷ ደግሞ አፏን ከፈት አድርጋ ደንግጣለች። ከሥሯ የቀናት ሰንጠረዥና ካላንደሩን በስጦታ ያደለው ነጋዴ ስም ታትሟል።

ድንጋጤው ግን የተሰላ ነበር። ከእነዚህ ካላንደሮች ትልልቅ አሳታሚዎች አንዱ በሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ የሚገኘው ብራውን ኤንድ ቢግሎው ነው። ከሠዓሊዎቹ ስመ ጥሩው ጊል ኤልቭግሬን መጀመሪያ ሞዴሏን ስቱዲዮ ውስጥ ፎቶ ያነሳታል። ከዚያ በዘይት ቀለም ሲስላት እግሯን ያስረዝማል፣ ወገቧን ያቀጥናል። ቀሚሱን የያዘው ሽቦው ሳይሆን የሠዓሊው ብሩሽ ነው።

አደጋው ለምን አስፈለገ? ሴቲቱ ቀሚሷን ራሷ ብትገልጥ ባለጌ ትባላለች፤ የሚያያትም ያፍራል። ነፋስና ሽቦ ሲገልጡት ግን ሁሉም ነፃ ይወጣል። እሷ አላሰበችም፣ ተመልካቹ አልጠየቀም፣ ነጋዴውም ካላንደር ነው የሰጠው። የዋህነቷ እንደ ከንፈሯ ቀለም የተቀባ ነበር።

ይህን ቅብ የሚያውቁት ወንዶች ብቻ አልነበሩም። ለዚያው ድርጅት የሠራችው ዞዪ ሞዘርት ብዙ ጊዜ ሞዴሏ ራሷ ነበረች፤ መስታወት ፊት ቆማ ራሷን ትስላለች። ሴትነት የሚሠራ ነገር መሆኑን ታውቃለች፤ በሥራዋ ላይ የምትፈርመውም እሷው ናት።

ማሪሊን ሞንሮ ይህ ዕድል አልነበራትም። በ1949 ገና ሳትታወቅ ቶም ኬሊ ለተባለ ፎቶግራፈር ራቁቷን ተነሳች፤ የተከፈላት 50 ዶላር ነው። ፎቶው ካላንደር ላይ ወጣ። በ1952 ማንነቷ ሲታወቅ የፊልም ኩባንያዋ ተደናገጠ። እሷ ግን አልካደችም፤ ገንዘብ ስለቸገረኝ ነው አለች። ሕዝቡም አልጠላትም። በሽቦና በነፋስ ማመካኘት አላስፈለጋትም።

ገንዘቡ ግን ወደ እሷ አልተመለሰም። ሂዩ ሄፍነር ፎቶውን የማተም መብት ከካላንደር ድርጅቱ በ500 ዶላር ገዝቶ በታኅሣሥ 1953 የፕሌይቦይ የመጀመሪያ ዕትም ላይ አወጣው። መጽሔቱ ከ50,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ። እሷ ከዚያ ሽያጭ ምንም አላገኘችም።

እንዲህ ያለ ምስል ሲታይ ከውበቱ በፊት ፊርማውንና ደረሰኙን መመልከት ይበጃል።