በአሜሪካ ነርሲንግ ሆሞች መረጃ የመስጠት ግዴታ

በዩናይትድ ስቴትስ ከሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ወይም ከሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ክፍያ የሚቀበሉ የአረጋውያን መንከባከቢያዎች (ነርሲንግ ሆሞች) ለነዋሪው፣ ለወኪሉና ለሕዝቡ ማሳወቅ ያለባቸውን የሚወስን የፌዴራል ሕግ ሥርዓት ነው። በአገሪቱ 15,000 ገደማ ነርሲንግ ሆሞች ሲኖሩ፣ 1.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይኖሩባቸዋል። የሥርዓቱ መሠረት ፕሬዚዳንት ሬገን በታኅሣሥ 1987 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የፈረሙት የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ ነው። ተቆጣጣሪው የሜዲኬርና ሜዲኬይድ አገልግሎቶች ማዕከል ሲሆን፣ ፍተሻውን የሚያካሂዱት የየክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ብዙ ቤተሰብ ከነርሲንግ ሆም ጋር የሚያምታታው አሲስትድ ሊቪንግ (በዕለት ተዕለት ኑሮ ድጋፍ የሚሰጥ መኖሪያ) በዚህ ሕግ አይገዛም፤ የሚተዳደረው በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው።

የመረጃው ባለቤት

የማወቅ መብት በመጀመሪያ የነዋሪው ነው። ስለ ጤናው ሁኔታ በሚረዳው ቋንቋ ሊነገረው፣ የሕክምና ዕቅዱ ሲወጣም ሊሳተፍ ይገባል። ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ መረጃ የሚያገኘው ነዋሪው ስለፈቀደ ወይም በሕግ ወኪል ስለሆነ እንጂ፣ ዘመድ በመሆኑ ብቻ አይደለም። ክፉ የምርመራ ውጤትን ከታማሚው ደብቆ ለታላቅ ልጅ ወይም ለወንድም መንገር የተለመደበት የኢትዮጵያ ቤተሰብ ከዚህ ድንጋጌ ጋር መጋጨቱ አይቀርም። «ለእሷ እንዳትነግሯት» የሚል የልጆች ልመና፣ እናት አእምሯቸው እስካልተዛባ ድረስ፣ ተቋሙን አያስገድድም። ልጆች ጉዳዩን መከታተል ከፈለጉ የእናታቸውን ፈቃድ ወይም፣ እናታቸው አእምሯቸው ሳይዛባ በፊት፣ የጽሑፍ ውክልና መያዝ ይኖርባቸዋል።

ነዋሪው ወድቆ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ጉዳት ከደረሰበት፣ ጤናው በእጅጉ ከተለወጠ፣ ሕክምናው በጉልህ መቀየር ካስፈለገው ወይም ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር ከተወሰነ ተቋሙ ሐኪሙን ማማከር፣ ለነዋሪውና ለወኪሉም ወዲያው ማሳወቅ አለበት። የሕክምና መዝገቡን ማየት ለሚጠይቅ ነዋሪ ወይም ወኪል፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ሳይቆጠሩ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይቀርባል፤ ቅጂ ሲጠየቅ ደግሞ ተቋሙ ሁለት የሥራ ቀናት አሉት።

ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው

በእያንዳንዱ ፈረቃ መጀመሪያ በዕለቱ ያሉት ነዋሪዎች ብዛት፣ በሥራ ላይ ያሉት ነርሶችና ረዳት ነርሶች ቁጥርና የሚሠሩት ሰዓት ለሁሉም በሚታይ ቦታ ይለጠፋል። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በረዳት ነርስነት የሚሠሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ስላሉ፣ ይህ ወረቀት ለአማርኛ ተናጋሪው የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእንጀራም ጉዳይ ነው።

የመጨረሻው የፍተሻ ሪፖርት ሌላው ሰነድ ነው። ተቆጣጣሪዎች ሳያስታውቁ ይመጣሉ፤ በሁለት ፍተሻዎች መካከል ከ15 ወር በላይ ማለፍ የለበትም። ግኝታቸውን የሚጽፉበት ቅጽ 2567 ሁለት ዓምድ አለው። በግራ በኩል ጥፋቱ ከነመለያ ቁጥሩ ይሰፍራል፤ ለምሳሌ «ኤፍ 580» ማለት የጤና ለውጥን ለሚገባው ሰው አለማሳወቅ ነው። የክብደቱ ደረጃ ከኤ እስከ ኤል ባሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይገለጻል፤ ከጄ ጀምሮ ያሉት በነዋሪዎች ላይ የተጋረጠን ብርቱ አደጋ ያመለክታሉ። ነዋሪዎች በስም ሳይሆን በቁጥር ይጠራሉ። በቀኝ በኩል ተቋሙ ስህተቱን እንዴት እንደሚያርም ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜም «ይህ ጥፋትን ማመን አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ያስቀድማል። ሪፖርቱ ማንንም ሳይለምኑ የሚደረስበት ቦታ መቀመጥ ሲኖርበት፣ ያለፉት ሦስት ዓመታት ሪፖርቶች ደግሞ ለጠየቀ ይሰጣሉ። ቤተሰብ በጉብኝት ቀን ከሚያየው የአበባ ማስቀመጫና ከሚያሸተው የወለል ሳሙና ይልቅ የግራው ዓምድ ብዙ ይናገራል።

ኮከቦቹና ድክመታቸው

ነርሲንግ ሆሞችን የሚያወዳድረው የመንግሥት ድረ ገጽ በ1998 ሥራ ጀመረ፤ ከአንድ እስከ አምስት ያለው የኮከብ ደረጃ በታኅሣሥ 2008 ተጨመረበት። ኮከቦቹ ከሦስት ምንጮች ይቀዳሉ፦ ከፍተሻ፣ ከሠራተኛ ብዛትና ከጥራት መለኪያዎች። ጥያቄው ቁጥሩን ማን ጻፈው የሚለው ነው። ቀድሞ የሠራተኛ ብዛት የሚሰላው ተቋሙ ከፍተሻው በፊት ስለነበሩት ሁለት ሳምንታት ራሱ በሞላው ቅጽ ነበር። የ2010 የጤና ማሻሻያ ሕግ መረጃው ከደመወዝ መዝገብ እንዲወጣ አዘዘ፤ ተቋማቱ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ማስገባት ግድ ሆነባቸው፣ በ2018 ደግሞ ለኮከቡ መስፈሪያ ሆነ። ደመወዝ ያልተከፈለበትን ሰዓት ማስመዝገብ ቀላል አይደለም። ከ2022 ጀምሮ የቅዳሜና እሑድ ሠራተኛ ብዛትና ሥራ የሚለቁት መጠንም ይታያል።

የጥራት መለኪያዎቹ ግን አሁንም በአመዛኙ ተቋሙ ስለራሱ በሚጽፈው ላይ ያርፋሉ። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2021 ባወጣቸው ምርመራዎች፣ አንዳንድ ተቋማት ነዋሪዎችን በሚያደነዝዙ መድኃኒቶች መብዛት እንዳይጠየቁ የስኪዞፍሬንያ ምርመራ እንደሚያስመዘግቡ አሳየ፤ ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ከመድኃኒቶቹ ቆጠራ ውጭ ናቸውና። ቤት የሚመርጥ ሰው ስለዚህ ከጥራት ኮከቡ በፊት የፍተሻውንና የሠራተኛውን ቢያይ ይሻለዋል።

የባለቤትነት ጉዳይ ከሁሉም ዘገየ። ከተቋሙ ጀርባ ያለውን ባለሀብትና የሕንፃውን አከራይ የመግለጥ ግዴታ በ2010ሩ ሕግ ውስጥ ቢኖርም፣ ማስፈጸሚያ ደንቡ የወጣው በኅዳር 2023 ነው።

ወረርሽኙ

በየካቲት 2020 ከሲያትል አጠገብ በምትገኘው ከርክላንድ አንድ ነርሲንግ ሆም በኮቪድ-19 ሲመታ፣ ዘመዶች በመስኮት እያዩ ውስጥ ያለውን ለማወቅ ተቸገሩ። በግንቦት የወጣው ደንብ አንድ ሰው እንኳ መያዙ ከተረጋገጠ፣ በማግሥቱ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ለነዋሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው እንዲነገር አዘዘ።

ገንዘብና ፊርማ

ሲገቡ የሚፈረመው ጥራዝ ወፍራም ነው። ተቋሙ ምን እንደሚያስከፍልና ሜዲኬይድ ምን እንደሚሸፍን መግለጽ አለበት፤ የነዋሪውን የኪስ ገንዘብ በአደራ ከያዘም በየሦስት ወሩ ሒሳቡን ያሳያል። ልጅን «ለእናትህ ዕዳ ዋስ ካልሆንክ አንቀበላትም» ማለት በሕግ አይቻልም። ክርክርን ከፍርድ ቤት ውጭ በግልግል ለመጨረስ የሚያስማማው ወረቀት ለመግባት ቅድመ ሁኔታ መሆን አይችልም፤ የፈረመም ሰው በ30 ቀን ውስጥ ሊያፈርሰው ይችላል። ነዋሪን ማስወጣት በመደበኛው ሁኔታ የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል፤ ቅጂውም የአረጋውያን አቤቱታ ለሚሰማው የክፍለ ግዛቱ እንባ ጠባቂ ይላካል። ይህ ቢሮ ከ1978 ጀምሮ በሁሉም ክፍለ ግዛት እንዲኖር የሚያስገድድ ሕግ አለ፤ አገልግሎቱም ነጻ ነው።

ካሜራ

አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች፣ ቴክሳስ ከ2001 ጀምሮ፣ ነዋሪው ወይም ሕጋዊ ወኪሉ በክፍሉ ካሜራ እንዲያስገባ ይፈቅዳሉ። በቴክሳስ ክፍሉን የሚጋራ ሌላ ነዋሪ ካለ የእሱም የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በሩ ላይም ካሜራ መኖሩን የሚገልጽ ማስታወቂያ ይለጠፋል።