ሚዛኑ ከየት መጣ? ባዶ ቀልሃ መልሶ የመሙላት ታሪክ

አንድ ጥይት ሲተኮስ ምን ምን ያልቃል? ባሩዱ ተቃጥሎ ጋዝ ይሆናል። እርሳሱ በአፈሙዙ ወጥቶ ይሄዳል። ከኋላ ያለችው ትንሿ መለኮሻ ቆብ፣ ፕራይመር የምትባለው፣ አንዴ ከፈነዳች አበቃላት። የሚቀረው ቀልሃው ብቻ ነው። የሚገርመው ደግሞ ከአራቱ ክፍሎች ለመሥራት በጣም የሚያስቸግረው እሱ መሆኑ ነው። ከጠፍጣፋ ናስ ተነስቶ ቀልሃ ለማውጣት ፋብሪካው ናሱን ደጋግሞ መሳብ፣ በየመሃሉ ማሞቅ፣ ጠርዙን መቁረጥ፣ ግርጌውን መቅረጽ አለበት። ይህ ሁሉ ተለፍቶበት አንድ ጊዜ ተኩሶ መጣል? ብዙ ሰው እሺ አላለም።

በምኒልክ ዘመን በአገራችን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ሆኖ ያገለግል እንደነበር ታውቁ ይሆናል። አያቶቻችን ውጅግራ እያሉ የሚጠሩት የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ጥይት ከእጅ ወደ እጅ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። ፋብሪካው ባሕር ማዶ በሆነበት ቦታ አንድ ጥይት ምን ያህል እንደሚከበር ከዚህ መገመት ይቻላል። ጥይትን መልሶ መሙላት ወደ ቤት ውስጥ ሥራነት አድጎ የራሱን መሣሪያዎች ያፈራው ግን በዋናነት አሜሪካ ውስጥ ነው። እዚያ ዛሬም ብዙ አዳኞችና ኢላማ ተኳሾች በሕጋዊ መንገድ ጋራዣቸው ውስጥ ይሠሩታል፤ ለጀማሪ የሚሆን የተሟላ ሳጥንም ይሸጣል። (በእኛ አገር ያለ ፈቃድ ጥይት መያዝም ሆነ መሥራት በሕግ ያስጠይቃል። ይህ ጽሑፍ ታሪክ ነው እንጂ የአሠራር መመሪያ አይደለም። ዓመታቱም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳጥኑን ብትከፍቱት ፕሬስ፣ ዳይ፣ ካሊፐር፣ ሚዛንና አንድ ወፍራም መጽሐፍ ታገኛላችሁ። የአዲስ ገዢ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ፕሬሱ ላይ ነው፤ ትልቁና ከባዱ ብረት እሱ ነዋ። እኔን ግን የሚስበኝ ሚዛኑ ነው። ምክንያቱም በ1870ዎቹ አንድ አዳኝ ይዞት የሚዞረው ዕቃ ውስጥ ሚዛን መኖሩ ግድ አልነበረም፤ ያለ እሱም በሰላም ይሠራ ነበር። ታዲያ ከጊዜ በኋላ ሚዛን ከሌለ አይነካም የተባለው ለምንድን ነው?

ሁለት ሰዎች፣ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ

ከሚዛኑ በፊት ሌላ ችግር መፈታት ነበረበት፦ የፈነዳውን ፕራይመር ከቀልሃው ውስጥ እንዴት ታወጡታላችሁ? ፕራይመር በቀልሃው ግርጌ ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ጥብቅ ብሎ የተቀመጠ የብረት ቆብ ነው። ውስጡ ሲመታ የሚፈነዳ ቅመም አለ። ቅመሙ እንዲፈነዳ ግን ከአንድ ወገን መመታቱ ብቻ አይበቃም፤ ከሌላው ወገን የሚደገፍበት ጠንካራ ነገር ያስፈልገዋል። መዶሻና መስፍ እንደማለት ነው። የጠመንጃው መርፌ መዶሻው ነው። መስፉስ የት ይቀመጥ?

በ1866 ሁለት ሰዎች ሁለት መልስ ሰጡ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሂራም በርዳን፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የአልሞ ተኳሾች አዛዥ የነበረው፣ መስፉን የቀልሃው አካል አደረገው። ከጎድጓዳው መሃል ትንሽ ጉብታ ብቅ ትላለች፤ እሳቱ ወደ ባሩዱ የሚያልፍባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከጉብታዋ ግራና ቀኝ ናቸው። በእንግሊዝ የዉልዊች ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ቦክሰር ደግሞ መስፉን ፕራይመሩ ራሱ ውስጥ ከተተው። ስለዚህ ቀልሃው ላይ የቀረው መሃል ለመሃል አንድ ቀዳዳ ብቻ ሆነ።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል አይደል? ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ግን ሁሉም ነገር እሱ ነው። በቦክሰር ቀልሃ አፍ በኩል ቀጭን የብረት ዘንግ ብትከቱ ቀጥታ መሃል ቀዳዳው ውስጥ ይገባና አሮጌውን ፕራይመር ገፍቶ ያወጣዋል። አንድ ምት፣ በቃ። በበርዳን ቀልሃ ግን ዘንጉ ጉብታዋ ላይ ይቆማል። ፕራይመሩን ከውጭ በመንጠቆ ቆፍሮ ወይም ውሃ ሞልቶ በግፊት ማውጣት ይጠይቃል፤ ይቻላል፣ ግን አሰልቺ ነው። የታሪክ ቀልድ የሚመስለው፣ የአሜሪካዊው ፈጠራ በአብዛኛው አውሮፓ ሲስፋፋ የእንግሊዛዊው ደግሞ አሜሪካን መያዙ ነው። ቤት ውስጥ መሙላት አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ሥር የሰደደበት አንዱ ምክንያት ይህቺ መሃል ቀዳዳ ናት ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ቀልሃው ራሱ መስፈሪያ ሲሆን

በ1870ዎቹ የአሜሪካን ሜዳዎች ያጥለቀለቁት ጎሽ አዳኞች ከከተማ ርቀው ለወራት ይቆዩ ነበር። (የጎሹን መንጋ እንዴት እንደጨረሱት ራሱን የቻለ አሳዛኝ ታሪክ ነው፤ እዚህ አልገባበትም።) ጥይት በሳጥን ከመሸከም ይልቅ ባሩድ በበርሜል፣ እርሳስ በጥፍጥፍ፣ ፕራይመር በቆርቆሮ ይዘው ይወጡና ማታ እሳት ዳር እርሳስ እያቀለጡ ቀልሃቸውን መልሰው ይሞሉ ነበር። ጦሩም ቢሆን በፊላደልፊያ ከሚገኘው ከፍራንክፎርድ አርሰናል የመሙያ ዕቃዎችን ለየካምፑ እያከፋፈለ ለልምምድ የሚሆን ጥይት እዚያው ያሠራ ነበር።

በ1884 ጆን ባርሎው የተባለ ሰው በኒው ሄቨን ከተማ አይዲያል የተሰኘ ኩባንያ አቋቁሞ ይህን ሥራ ወደ እጅ መሣሪያ ጠቀለለው። ፒንሳ የሚመስል ነገር አስቡ። እጀታውን ስትጨብጡት አሮጌውን ፕራይመር ያወጣል፣ አዲሱን ያስገባል፣ እርሳሱን ቀልሃው አፍ ላይ ያስቀምጣል፤ አንዳንዱ ጫፉ ላይ እርሳስ ማፍሰሻ ቅርጽ ሁሉ ነበረው። ኮርቻ ከረጢት ውስጥ የሚገባ ወርክሾፕ ማለት ነው።

ባሩዱስ በምን ይለካ ነበር? በቁናም በሉት በጣሳ፣ በመስፈሪያ ነው። እህል ገበያ እንደሚሰፈረው ማለቴ ነው። በዚያ ዘመን ታዋቂ የነበረውን የአሜሪካ ጦር ጥይት ስም ተመልከቱ፦ 45-70። 45 የእርሳሱ ውፍረት በኢንች መቶኛ ነው፤ 70 ደግሞ የጥቁር ባሩዱ ክብደት በግሬይን። ግሬይን ከእኛ ጤፍና ገብስ ዓለም ብዙም የማይርቅ መለኪያ ነው፤ ጥንት የአንዲት የገብስ ፍሬ ክብደት ነበር፤ ዛሬ 0.0648 ግራም ነው። ስለዚህ 70 ግሬይን 4.5 ግራም ያህል መሆኑ ነው። ይህ መጠን ቀልሃውን እስከ እርሳሱ መቀመጫ ድረስ ይሞላዋል።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ቀልሃው የተነደፈው ትክክለኛው መጠን ማለት "ሙሉ" ማለት እንዲሆን ተደርጎ ነው። ከሙሉ በላይ መሙላት ደግሞ አይቻልም፤ ይፈስሳል። በዚያ ላይ ጥቁር ባሩድ የሚቃጠልበት ፍጥነት በዙሪያው ያለው ግፊት ሲጨምር ብዙም አይለወጥም። ትንሽ ቢበዛ ትንሽ ይበዛል፣ አለቀ። እኛ መሐንዲሶች እንዲህ ዓይነቱን ነገር በጣም እንወዳለን፦ ስህተቱን ቅርጹ ራሱ የሚከለክልበት ዕቃ።

ጭሱ ሲጠፋ

በ1884፣ ባርሎው ፒንሳውን ይዞ ብቅ ባለበት በዚያው ዓመት፣ ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የፈረንሳይ ጦር ለዚሁ ባሩድ የተሠራውን የለበል ጠመንጃ ታጠቀ። በ1887 ደግሞ አልፍሬድ ኖቤል ባሊስታይት የተባለውን የራሱን ዓይነት አወጣ። አዲሱ ባሩድ በተመሳሳይ ክብደት ከጥቁሩ በግምት ሦስት እጥፍ ኃይል አለው። ጥሩ ዜና ይመስላል። ለጦሩ ጥሩ ነበር። ቤቱ ቁጭ ብሎ በጣሳ ለሚሰፍረው ሰው ግን አደጋ ይዞ መጣ።

አንዳንድ አምራቾች ችግሩን ቀድመው አይተውታል። ለምሳሌ ዱፖንት በ1893 ለሾትገን ያወጣው ጭስ አልባ ባሩድ ሆን ተብሎ ልል ተደርጎ የተሠራ ነበር። በድሮው መስፈሪያ ብትሰፍሩት ክብደቱ ስለሚያንስ ኃይሉ ከጥቁሩ ጋር ይቀራረባል። ሰውዬው ልማዱን ሳይለውጥ መስፈሪያውን ይዞ ይቀጥላል። ደግ ሐሳብ ነው። ግን በዚያው ሱቅ፣ በዚያው መደርደሪያ እንደ ባሊስታይት ያሉ እፍግ ያሉ ባሩዶችም ይሸጡ ነበር። በቆርቆሮው ላይ ሁለቱም "ጭስ አልባ" ይላሉ። ልሉን በለመደ መስፈሪያ እፍጉን የሞላ ሰው ከሚፈለገው እጥፍ ድርብ ጨምሯል ማለት ነው። በዚህ መምታታት ጠመንጃ እጃቸው ላይ የፈነዳባቸው ነበሩ።

ለምን ይፈነዳል? ጭስ አልባ ባሩድ ግፊት ሲጨምር የሚቃጠልበት ፍጥነትም ይጨምራል። በፍጥነት ሲቃጠል ብዙ ጋዝ ይወጣል፤ ብዙ ጋዝ ግፊቱን ያንረዋል፤ ግፊቱ እሳቱን መልሶ ያፋጥነዋል። ራሱን በራሱ የሚገፋ ሂደት ነው። ስለዚህ ባሩዱ በጥቂቱ ሲበዛ ግፊቱ በብዙ ይዘላል። ለማነጻጸር፦ የቤት መኪና ጎማ ውስጥ 30 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ግፊት አለ። ለ45-70 ዛሬ የተቀመጠው የግፊት ጣሪያ 28,000 ነው። ጭስ አልባ ባሩድ ታሳቢ ተደርጎ ለተነደፈው ለ30-06 ደግሞ 60,000፤ ከጎማው ሁለት ሺህ እጥፍ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከተኳሹ ፊት ጥቂት ጣት ርቆ ነው።

ሚዛኑ ወደ ሳጥኑ የገባው በዚህ በር ነው። "ሙሉ" የሚለው ቃል ትርጉም ሲያጣ የቀረው መለኪያ ክብደት ብቻ ሆነ። ለዚህ ሥራ የሚሸጡት ሚዛኖች የግሬይን አንድ አሥረኛ ይለያሉ፤ ወደ 6.5 ሚሊግራም መሆኑ ነው። በየግራሙ የሚቆጥር የወጥ ቤት ሚዛን አይረዳም፤ አንድ ግራም ከ15 ግሬይን በላይ ነው፤ ለአንዳንድ የሽጉጥ ጥይት ከሚያስፈልገው ባሩድ በሙሉ ይበልጣል። ወፍራሙ መጽሐፍም የመጣው ከዚሁ ጋር ነው። ለየትኛው ቀልሃ፣ ለየትኛው እርሳስ፣ ከየትኛው ባሩድ ስንት የሚለውን በላብራቶሪ የለካ ሰው ካልነገራችሁ በግምት የሚገኝ ነገር አይደለም።

ናስ፣ ዳይና መዶሻ

ፕሬሱን ችላ ያልኩት እንዳይመስል እሱንም ላንሳው። የቀልሃ ናስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ናሱ ይነፋና የጠመንጃውን ጎሬ ግድግዳ ጥብቅ አድርጎ ይዘጋል፤ ጋዝ ወደ ኋላ አያመልጥም። ከዚያ እንደ ሞላ ይመለሳል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። የቀረውን የሚመልሰው ዳይ የተባለው ጠንካራ የብረት ቅርጽ ነው። ቀልሃን ዳይ ውስጥ ለማስገባት ከባድ ኃይል ስለሚጠይቅ የእጅ ጉልበትን የሚያበዛ ማንሻ፣ ማለትም ፕሬስ፣ አስፈለገ። ናሱ በየጊዜው ሲነፋና ሲጨመቅ እየጠነከረና እየተሰባበረ ይሄዳል፤ የቀልሃ አንገት የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ በዝናብ ወራት ያልተተኮሱ ቀልሃዎች ሳይቀሩ ሲሰነጠቁባቸው ግራ ተጋብተው ነበር። ምስጢሩ በ1921 ተብራራ፦ ፈረስ በረት አጠገብ ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ፣ ከሥራው በናሱ ውስጥ ከቀረው ውጥረት ጋር ተዳምሮ ነው።

ዛሬ ስማቸው የሚነሳ የዳይና ፕሬስ አምራቾች ብዙዎቹ ከጓሮ የተነሱ ናቸው። በ1943፣ በጦርነቱ ምክንያት ለአዳኞች የሚሆን እርሳስ ሲጠፋ፣ ፍሬድ ሀንቲንግተን በካሊፎርኒያዋ ኦሮቪል ከትንንሽ ባዶ ቀልሃዎች የእርሳስ ልባስ የሚያወጣ ዳይ ሠራ። አር.ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው ድርጅት የተወለደው እንዲህ ነው። በ1958 ደግሞ ሪቻርድ ሊ የድሃ ሰው መሣሪያ አመጣ፦ ፕሬስ የለውም፤ ቀልሃውን በእንጨት መዶሻ እየመታችሁ ዳዩ ውስጥ ታስገባላችሁ። መጀመሪያ ለሾትገን፣ ቀጥሎ ለጠመንጃና ለሽጉጥ። እሱ ሳጥን ውስጥ ከሚዛን ይልቅ ትንሽ ማንኪያ አለች። ወደ ጣሳው ዘመን ተመለስን? አልተመለስንም። ማንኪያዋ አብሯት ካለው ሰንጠረዥ ተነጥላ ዋጋ የላትም፤ ሰንጠረዡ ለየትኛው ባሩድ እንደምታገለግል በስም ይጠራል፣ መጠኑም ከጣሪያው ዝቅ ተደርጎ የተመረጠ ነው። ክብደቱን አስቀድሞ ሌላ ሰው መዝኖላችኋል ማለት ነው።

አሁን በአንድ የእጀታ ስበት ብዙ ቀልሃ ላይ ብዙ ሥራ በአንዴ የሚሠሩ ፈጣን ፕሬሶች አሉ። ልምድ ያላቸው ሰዎች ግን ለጀማሪ የሚመክሩት ቀርፋፋውን፣ አንድ በአንድ የሚሠራውን ነው፤ እኔም እስማማለሁ። ምክንያቱን ለማየት 38 ስፔሻል የሚባለውን የሽጉጥ ጥይት ውሰዱ። በ1898 ሲወጣ ባሩዱ ጥቁር ስለነበር ቀልሃው ረጅም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወደ ጭስ አልባ ተቀየረ፤ ሽጉጦቹ ግን ያው ስለሆኑ የቀልሃው ርዝመት እስከ ዛሬ አልተነካም። ስለዚህ የዛሬው ባሩድ ቀልሃው ግርጌ ላይ ጥቂት ሆኖ ይተኛል፣ ከላዩ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። አንድ ሰው ሐሳቡ ተከፍሎ ያንኑ ቀልሃ ሁለት ጊዜ ቢሞላ አይፈስስም፤ እርሳሱም እላዩ ላይ ያለ ችግር ይቀመጣል፤ ከውጭ ሲታይ ከሌሎቹ አይለይም።

ለዚህ ነው ጀማሪው ሳጥን ውስጥ፣ ከውድ ብረቶቹ ጎን፣ 50 ጉድጓድ ያላት አንዲት ጣውላ የምትገኘው። ቀልሃዎቹ ሁሉ ባሩድ ከገባላቸው በኋላ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው እሷ ላይ ይደረደራሉ። ከዚያ እርሳስ ከመቀመጡ በፊት ባትሪ ከላይ እያበሩ በየቀልሃው ውስጥ የባሩዱን ከፍታ አንድ በአንድ ማየት ነው፤ ከጎረቤቶቹ ከፍ ያለ የተገኘበት ቀልሃ ይገለበጣል፣ ባሩዱም እንደገና ይመዘናል።